ለምስክሩ የቀረበው ጥያቄ

ፊልሙን ያየነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር፣ ጎረቤቴ ዳዊት ቤት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም ነበርና የትም መሄጃ አልነበረንም። ዳዊት የሙዝ ነጋዴ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በጫኖ ቀበሌ ከማሳ ማሳ ሲዞር ይሰነብትና ቅዳሜ ፊልም ካላየ ያረፈ አይመስለውም። ያን ዕለት በአማርኛ የተተረጎመ ፊልም በፍላሽ አምጥቶ፣ "የፍርድ ቤት ታሪክ ስለሆነ አንተ ታስረዳናለህ" ብሎ እኔንና ባለቤቴን ሰላምን ጠራን።

እኔ የምሠራው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ እንዳልመስላችሁ፤ መዝገብ ቤት ነኝ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል አስገባለሁ፣ ቀጠሮ እጽፋለሁ። ነገር ግን ስምንት ዓመት የሰው ክርክር ሲሰማ የኖረ ሰው ራሱን ትንሽ ዳኛ አድርጎ መቁጠሩ አይቀርም። ቤተሰቤ ውስጥማ በደንብ ዳኛ ነበርኩ። ከቤታችን ኮሌጅ የጨረስኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ተወልጄ ባደግኩባት ካምባ ያሉት እናቴና እህቴ "ማቴዎስ ምን አለ?" ሳይባባሉ ትንሽ ነገር እንኳ አያደርጉም ነበር።

እህቴ አስቴር ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት ታንሳለች። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ሐኪም ካያትና ክኒን ከጀመረች በኋላ መውደቋ በጣም ቀንሶ፣ የልብስ ስፌት ተምራ ገበያው አጠገብ በአንዲት ሴት ሱቅ በረንዳ ላይ ትሰፋ ነበር። ክኒኑ ካምባ ጤና ጣቢያ ሁልጊዜ ስለማይገኝ በየወሩ የሚሄድላት ከአርባ ምንጭ ነው። ካርዷ እኔ ዘንድ ነበር። ሆስፒታል እሰለፋለሁ፣ መድኃኒቱን እቀበላለሁ፣ በማግስቱ በማለዳ መናኸሪያ ሄጄ ለካምባ ሾፌር አደራ እሰጣለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ አድርጌያለሁ።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። አንዲት ወጣት ጋኔን ይዟታል ተብላ ተራራ ላይ ወዳለ ጸሎት ቤት ትወሰዳለች፤ እዚያ ሰንብታ ትሞታለች። ጸሎት ቤቱን የምትመራው አሮጊት ተከስሳ ችሎት ትቀርባለች። ታሪኩ አንዴ ችሎቱ ውስጥ፣ አንዴ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ነው። በክፍሏ ግድግዳው ይንኳኳል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ልጅቷ በወንድ ድምፅ ትናገራለች። የዳዊት ሚስት ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና "አለፈ?" እያለች ትጠይቃለች። እኔ ችሎቱን ስተች ነበር። ዳኛው በመዶሻ ጠረጴዛ ሲመታ "እኛ ጋ እንዲህ የለም" እላለሁ። ጠበቃው ምስክሩ ፊት እየተንጎራደደ ሲጮህ "ይሄ እኛ ችሎት ቢሆን ተገሥጾ ይቀመጥ ነበር" እላለሁ። ይስቁልኛል። እኔም ደስ ብሎኛል።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄደ የሟቿ ታላቅ ወንድም ለምስክርነት ተጠራ። ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ፣ እንደ እኔ የቢሮ ሠራተኛ የሚመስል ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጓ ቀጭን፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነች።

"እህትህ መድኃኒት ትወስድ ነበር?" አለችው።

"ትወስድ ነበር።"

"ያስቆመቻት ተከሳሿ ናት?"

"አይደለችም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"እግዚአብሔር" አለ ሰውየው።

ዐቃቤ ሕጓ የያዘችውን ወረቀት አስቀመጠች። "እግዚአብሔርን በዚህ ችሎት አልጠራነውም። የጠራነው አንተን ነው። መድኃኒቱን ተዪ ያልካት ቀን በእርግጥ አምነህ ነበር? ወይስ እሷን ማስታመም ደክሞህ ነበር?"

የሰውየው ፊት ስክሪኑን ሞልቶ ቆየ።

"መታሰር ያለበትስ ይሄ ነው" አለች ሰላም ከጎኔ። "አሮጊቷ ምን አደረገች?"

ዳዊት ወደ እኔ ዞረ። "በሕግ እንዴት ነው? ወንድምየው ይጠየቃል?"

ዓይኔን ከሰውየው ፊት ማንሣት አቃተኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ወር ገደማ በፊት ለመስቀል ካምባ ሄጄ ነበር። መስቀል በእኛ አገር የትም ያለ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለአስቴር ሦስት ቀን ጾመው ጸለዩላት። እኔም አብሬያቸው ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን አስቴር እያለቀሰች "ቀለለኝ" አለች። አራት ወር ሙሉ አልወደቀችም ነበርና ሁሉም ደስ አላቸው። ማታውን ቤት ስንመለስ እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት።

"አስቴር፣ ከተፈወስሽ ክኒኑ ለምንድን ነው? መዋጡ እኮ አላመንኩም ማለት ነው።"

እናቴን አየቻት። እናቴ እኔን አየችኝ።

"ተዪው ነው የምትለኝ ጋሼ?" አለች።

"ተዪው" አልኳት።

በእጇ የቀረውን ክኒን አምጥታ ሰጠችኝ። ኪሴ ከተትኩት፤ አርባ ምንጭ ስደርስ ጣልኩት።

ከዚያ በፊት በነበረው ወር ምን ሆኖ እንደነበር ልንገራችሁ። ሆስፒታሉ ሁለት ቀን አሰልፎኝ ሥራ ቀርቼ አለቃዬ ተቆጥቶኛል። አንዱ ሾፌር የመድኃኒቱን ፖስታ ጥሎብኝ እንደገና ሮጫለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ከሦስት ዓመት በፊት የተደረገው ሠርጌ ነበር። በሠርጌ ቀን፣ ሙሽራዋ ልትገባ ስትል፣ አስቴር በአዳራሹ መሐል ወድቃ አረፋ ደፈቀች። የሰላም ዘመዶች ወንበራቸውን ይዘው ሲሸሹ አየሁ። አንዷ አክስቷ "በዘራቸው ነው?" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ቀን ያፈርኩት ሐፍረት ሦስት ዓመት ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። እህቴ እንድትድን እፈልግ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። የበለጠ የምፈልገው ግን ነገሩ እንዲያበቃልኝ ነበር።

ከዳዊት ቤት ተነሥቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ስልክ ደወልኩ። ሁለቴ አልገባም፤ በሦስተኛው እናቴ አነሣች።

"እማዬ፣ አስቴርን አገናኚኝ።"

"ተኝታለች።"

"በአሥር ሰዓት?"

"ዛሬ ሦስት ጊዜ ጣላት። ትናንት ደግሞ እሳት አጠገብ ነበረች።"

"እሳቱ ነካት?"

"እጇን።"

"መቼ ነው መውደቅ የጀመረችው?"

"አንተ በሄድክ በሁለተኛው ሳምንት።"

በየሳምንቱ እደውል ነበር። በየሳምንቱ አስቴር "ደህና ነኝ" ትለኝ ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ "ትንሽ ጥሏት ነበር" ስትለኝ "ጸልዩ" ብዬ ስልኩን ዘግቻለሁ።

"አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂያት" አልኳት።

"ብዬ ነበር። እምቢ አለች። ማቴዎስ ተዪ ያለኝን ብወስድ እምነቴን እክዳለሁ ትላለች። እኔን አትሰማም። የምትሰማው አንተን ነው።"

"ስትነቃ ንገሪያት፣ ማቴዎስ ሂጂ ብሎሻል በያት።"

"በስልክ ማን ያምናል? ላታልላት ያልኩት ነው የሚመስላት። አንተ ና።"

ስልኩን ዘግቼ ስዞር ሰላም በሩ ላይ ቆማለች።

"አስቴር መድኃኒት አቁማለች?"

"አዎ።"

"ማን አስቆማት?"

እግዚአብሔር ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊልሙ ከውስጥ ይሰማል።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"ባለፈው ወር መናኸሪያ ደርሼ ልምጣ ብለህ በጠዋት የወጣኸውስ?"

"ሻይ ቤት ተቀምጬ ተመለስኩ።"

ሰላም አልጮኸችብኝም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቤታችን እንደተመለስን የአስቴርን ካርድ ከመሳቢያ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። "ነገ ትሄዳለህ" አለች። በዚያ ሰዓት ወደ ካምባ የሚወጣ መኪና የለም።

እሑድ በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር። ገረሴ ከተማ ስንደርስ ጉም መስኮቱን ሸፍኖ ሾፌሩ በዝግታ ይነዳል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የያዘችውን ዶሮ እያባበለች ታወራኛለች፤ ምን እንዳለችኝ አላውቅም። በመንገዱ ሁሉ መልስ ስደረድር ነበር። መጀመሪያ "ቤተ ክርስቲያኑ ነው ያሳሳተኝ" የሚል ነበር። በጸሎቱ ሰዓት የነበረውን ስሜት፣ የሽማግሌዎቹን ጩኸት፣ የሰውን እንባ ሁሉ አስታወስኩ። ካምባ ስደርስ ሙሉ ክስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ተከሳሹም ጸሎቱን የመሩት ጋሽ ቶማስ ነበሩ።

ከመኪና እንደወረድኩ ያገኘሁት እሳቸውን ነው። ከአምልኮ መውጣታቸው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ እኛ ቤት በሚወስደው መንገድ ይሄዳሉ።

"እርስዎ ዘንድ መምጣቴ ነበር" አልኳቸው ሰላምታ ሳልሰጥ። "ለእህቴ ምን እንዳደረጋችሁ ያውቃሉ?"

ቆሙ። ሸማኔ ናቸው፤ ወገባቸው በሥራ ብዛት ጎብጧል።

"ምን አደረግን ልጄ?"

"መድኃኒቷን አስጣላችኋት።"

"ማን እንዲህ አለህ?" አሉኝ በእርጋታ። "እኛ ጸልየንላታል። ተዪ ያላት ሰው ግን ከእኛ ውስጥ የለም። እኔ ራሴ የስኳር ክኒን እውጣለሁ፤ በጸሎት ቀን ውጬ ነው የመጣሁት። ባለፈው ሳምንት ለምን ክኒንሽን አትወስጂም ብዬ ጠየቅኋት። ወንድሜ ተዪ ብሎኛል አለችኝ። የተማረ ሰው ነው፣ ሐኪም ነግሮት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። ይህን እቀበላለሁ።"

ያዘጋጀሁት ክስ እዚያው መንገድ ላይ ፈረሰ። አብረን ወደ ቤት ሄድን።

አስቴር በር ላይ ባለው መደብ ላይ ተቀምጣለች። ግራ እጇ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ፊቷ አብጧል፤ ከንፈሯ ተነክሷል። ስታየኝ ለመነሣት ሞከረች።

"ጋሼ፣ አንድ እንኳ አልዋጥኩም" አለችኝ። "እናታችን ከጤና ጣቢያ አምጥታ ሻይ ውስጥ ልትከትብኝ ነበር። ሻዩን ደፋሁት። እንዳልከኝ ጠብቄአለሁ።"

ይህን ያለችው ልትወቅሰኝ አይደለም። እንዳመሰግናት ነው። በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

"አስቴር፣ ስሚኝ።"

"እምነቴ ስለጎደለ ነው የተመለሰብኝ። ጋሽ ቶማስ እንደገና ይጸልዩልኝ።"

ከፊቷ ተንበረከክሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጋሽ ቶማስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ለእሷ ብቻ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ሁሉም እየሰሙ ነው።

"ያንቺ እምነት አልጎደለም። የጎደለው የእኔ ነው። ተዪ ያልኩሽ አምኜ አይደለም። ደክሞኝ ነው። ሰልፉ ሰልችቶኝ፣ ሰው ፊት ስትወድቂ አፍሬ። ይህን ማለት ፈርቼ በእግዚአብሔር ስም ተናገርኩሽ።"

የገባት አልመሰለኝም ነበር።

"ደክሞህ ነው?" አለች።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ደከመኝ አላልከኝም? እኔ እኮ በየወሩ ራሴ መጥቼ እቀበል ነበር። ልጅ አይደለሁም።"

ልመልስላት አፌን ስከፍት ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ። ከመደቡ ወደ እኔ ወደቀች። ሰውነቷ እንደ እንጨት ገተረና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቆይም ነበር። ያን ቀን አላቆመም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ "ክብሪት ጫሩ" አለ፤ አንዷ "አጥብቃችሁ ያዟት፣ እየታገላት ነው" አለች። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኛል።

"አትያዟት" አሉ ጋሽ ቶማስ። "በጎኗ አዙሯት። አፏ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ። አንተ ሂድ፣ ባጃጅ ጥራ።"

ባጃጁ እስኪመጣ ትንሽ ዝም ብላ፣ ሳትነቃ እንደገና ጀመራት። ጭኔ ላይ አስተኝቻት በጭቃው መንገድ ስንሄድ ጋሽ ቶማስ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው በጋሞኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። እኔ መጸለይ አልቻልኩም። የማን ስም ልጥራ?

ጤና ጣቢያው የነበረችው ወጣት ነርስ መርፌ ወጋቻት። "መድኃኒት በድንገት አቁማለች?" ስትለኝ "አዎ" አልኳት። "ማን ነው ያዘዘው?" አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ነው ያ ጥያቄ የመጣብኝ። "እኔ" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና መጻፏን ቀጠለች።

በአምቡላንስ አርባ ምንጭ አመጣናት። ሁለት ቀን አልነቃችም። ሐኪሙ ከነቃች በኋላም አእምሮዋ እንዴት እንደሚሆን እርግጠኛ አይደለሁም ብሎን ነበር። በነዚያ ሁለት ቀናት ሰላም ከአስቴር አልጋ አልተለየችም፤ በሠርጋችን ቀን ከእሷ የሸሹት የሰላም ዘመዶችም ምግብ ይዘው መጡ። ያች አክስቷ የአስቴርን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግላት ሳይ እነሱን ስፈርድባቸው የኖርኩትን አስቤ መሬት ብትከፈት ብዬ ተመኘሁ።

በሦስተኛው ቀን ነቃች። እናታችንን ጠራች፣ ውኃ ጠየቀች። አእምሮዋ ደህና ነው። የተቃጠለው እጇ ግን ቆይቶ ስለታከመ ሁለት ጣቶቿ ተጣብቀው ቀሩ። አሁን ጨርቅ ወደ መርፌው ስትገፋ ይንሸራተትባታል። ቀጥ ያለውን ትሰፋለች፤ እጀታና አንገት መሥራት አቅቷታል።

ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል ካርዷን ጠየቀችኝ።

"እኔ ልያዘው፣ በየወሩ ራሴ አመጣልሻለሁ" አልኳት። "ከእንግዲህ አይደክመኝም።"

"አይሆንም ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ ካርዴ እኔ ጋ ይሁን።"

ሰጠኋት። በደህናው እጇ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"አንድ ነገር ግን አድርግልኝ" አለች። "ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሰዎች እምነት ጎድሏት ነው እያሉ ነው። ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱም ንገራቸው።"

ካየሁት ፊልም ይልቅ ያ የበለጠ አስፈራኝ። ሁለት ሳምንት ምክንያት ስፈልግ ቆየሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ካምባ ገብቼ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

አስቴር ከኋላ ነበር የተቀመጠችው። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ቶማስ ጠሩኝ። ሰው ሁሉ ስለመዳኗ የምናገር መስሎት "ሃሌሉያ" አለ። እኔ የነገርኳቸው ግን ከላይ ያነበባችሁትን ነው። ክኒኑን ተቀብዬ እንደጣልኩት፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ መናኸሪያ ሄድኩ እንዳልኩ፣ መንገድ ላይ ጋሽ ቶማስን ለመክሰስ እንደተዘጋጀሁ ሁሉንም። "አሜን" ያለ ሰው አልነበረም። ስጨርስ የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እኔ ስለጸሎትና ስለመድኃኒት ልከራከራችሁ አይደለም የጻፍኩት። ዛሬም እጸልያለሁ፤ አስቴርም ትጸልያለች፣ ክኒኗንም ትውጣለች። የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። በእጃችሁ የታመመ ሰው ካለና ከደከማችሁ፣ ደክሞኛል በሉ። ነውር አይደለም። የደከመውን የሚያግዝ ሰው ይገኛል፤ እኔ ባለቤቴን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ድካማችሁን እምነት ብላችሁ ከጠራችሁት ግን የሚያምናችሁ ሰው ይጎዳል። አስቴርን የጎዳት እኔን ማመኗ ነው። ይቅር ብላኝ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቃት "አዎ" እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው የማልጠይቃት፤ እኔን ደስ ለማሰኘት ስትል ብዙ ዋጋ ከፍላለች።

ያን እሑድ እዚያ ቆሜ ሳለሁ አስቴር ከኋላ ተነሣችና በመተላለፊያው መጥታ አጠገቤ ቆመች። እጄን አልያዘችም፤ እኔንም አላየችም። ፊቷን ወደ ሕዝቡ አድርጋ በጋሞኛ "ወንድሜ ያለው እውነት ነው" አለች። ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ እኔም ተከትያት ሄጄ ከኋላዋ ተቀመጥኩ።